የተበላሸ ድምፅ፦ አንድ

ማክሰኞ ማለዳ፣ ቂርያት ጋት፣ ገና ዝናቡ ሳይጥል፣
ሁለተኛ «ለ» ክፍል ገባን፤ ግድግዳው የልጆች ሥዕል፤
አንድ ዝሆን፣ አንድ ፀሐይ፣ ሦስት እግር ያላት ድመት፣
ከሥሯ እኛ አራት ሰዎች፣ በማኅተም የቆምን መንግሥት።
ወንበሮቹ ትንንሽ ናቸው፤ ለሰባት ዓመት ልጅ የተለኩ፤
ሊቀ መንበሩ አቭነር ቢቀመጥ፣ ጉልበቶቹ አገጩን ነኩ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ስም አነባለሁ፣ በማስመሪያ እሰርዛለሁ፣
የመጣውን በልቤ እመርቃለሁ፣ ያልመጣውን እጠብቃለሁ።

ከአጥሩ ማዶ ስድስት እጩ፣ ስድስት ዓይነት ካናቴራ፤
አንዱ በአማርኛ «እንደምን አደሩ» ማለት ተማረ ለዚህ ሥራ፤
ማምሻውን ይረሳዋል። ባለፈውም ረስቶታል፤
ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ እንደ አዲስ ያጠናዋል።
ሁሉም ያቺን ነው የሚሻማ፣ ከክብ ጠረጴዛው ዳር፤
ካናቴራው ቀለም ይለቃል፤ ሰውየው አይለቅም ወንበር።

ረፋዱ ላይ አባ ጀንበሩ መጡ፣ ከዘራቸውን አስቀድመው፣
መታወቂያቸውን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በመሐረብ ጠቅልለው።
«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህ ነው እንዴ ድምፅ የሚሰጥበት ስፍራ?»
አቭነር ጣቱን ከከንፈሩ፦ ዝም! እዚህ አይወራ።
«ድምፅ ስጥ ብላችሁ ጠርታችሁ፣ ደግሞ ድምፅህን አታሰማ?
ሠርግ ጠርቶ አፍ መለጎም ነው፤ እንዲህ ያለ ሕግ ማን ሰማ?»
ሳቄን ዋጥኩ። አቭነር «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ በዓይኑ፤
«ሰላምታ ነው» አልኩት። የመጀመሪያዋ ውሸቴ የቀኑ።

ከካርቶን መከለያው ኋላ ገቡ። ቆዩ።
የከዘራው ጫፍ ብቻ ይታያል።
ሰልፉ ረዘመ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ግድግዳ ተደገፈች፤
ከኋላዋ ያለው ሰዓቱን ያያል።
ወጡ። ፖስታውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ሣጥኑ ጣሉ፤
«እንግዲህ ተናግሬያለሁ፤ መስማት የናንተ ነው» አሉ።

ሌሊት ዝናቡ ጀመረ። በሩ ተቆለፈ፤ ሣጥኑ ተደፋ፤
ቢጫው ለከንቲባ፣ ነጩ ለምክር ቤት፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲጋፋ።
አቭነር ይጠራል፤ እኔ እጭራለሁ፣ አምስት አምስቱን አስሬ።
ከአንዱ ፖስታ ነጭ ወረቀት ወጣ፤ ባዶ መሰለ፤ ተገለበጠ፤
በእስክሪብቶ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ፊደል እንደ ጉንዳን ተቀመጠ።
አቭነር አስጠጋው፣ አራቀው።
«ያንቺ ነው» አለ። «አንብቢው።»

«ከጤና ጣቢያው ፊት የነበረው አግዳሚ ወንበር
በፋሲካ ሰሞን ተነሣ። ማን አነሣው?
መድኃኒት ተቀብለን የምናርፍበት የለም።
ትርፌ እግሯን ያማታል።
ወንበሩ ይመለስ። ሌላ አልጠየቅሁም።»

ወጣቱ ታዛቢ ሳቀ። ሲሞን ግን አልሳቀችም፤
«እውነት ነው» አለች፤ «እኔም እዚያ ቆሜ ነው አውቶቡስ የምጠብቅ።»
አቭነር መመሪያውን ገለጠ፣ መነጽሩን ወልውሎ፦
በእጅ ቢጻፍ የዝርዝሩ ፊደል ብቻ፤ ቋንቋውም ተቆጥሮ የታወቀ።
«ወንበር የሚባል ዝርዝር የለም» አለ።
ቀልድ ነበር፤ ቀልዱን ራሱም ሲሰማው ቀስ ብሎ ዝም አለ።
ማኅተሙን አነሣ። «የተበላሸ።»

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ በእጄ ነው የጻፍኩት፦
የተበላሸ ድምፅ፦ አንድ።
ድምፁስ አልተበላሸም፤ ሰምቼዋለሁ፤
እስከ ኅዳጉ ድረስ ጥርት ያለ ነበር።
የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤
አላውቅም እንድል ደግሞ ፈርሜያለሁ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ግድም ወንበሮቹን መልሰን ደረደርን፤
በእያንዳንዷ ሥር «የማዘጋጃ ቤት ንብረት» የሚል ቁጥር አየን።
አንዷን አንሥቼ በዝናቡ ውስጥ ይዤያት ልሄድ ቃጣኝ፤
አቭነር መብራቱን አጠፋ፤ «ነገ ትምህርት አለ» አለኝ።

መንገዴ በጤና ጣቢያው ነው።
አራት ብሎን ከሲሚንቶ ብቅ ብለዋል፤
በመሐላቸው ውኃ ቋጥሯል።
አውቶቡስ እንደሌለ እያወቅሁ
ጥቂት ቆምኩ።